«ዓለም ሲቀነስ 1»፦ አድራሻዎች ስም ሲወጣላቸው የተገለጠ የጌም ስህተት

ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ውስጥ ብዙ ተጫዋች የሚያውቀው አንድ ስህተት አለ። ሌቭል 1-2 መጨረሻ ላይ፣ ከመውጫው ቱቦ በላይ ባለው ግድግዳ ጥግ በተለየ አዘላለል ሾልኮ ያለፈ ሰው ወደ ሌሎች ዓለሞች የሚያሻግሩ ሦስት ቱቦዎች ያሉበት ዋርፕ ዞን ይደርሳል። ስክሪኑ ወደ ቀኝ ገና ብዙ ሳይሄድ የግራውን ቱቦ ከወረደ፣ ስክሪኑ አናት ላይ የዓለሙ ቁጥር ባዶ ሆኖ ሰረዝና 1 ብቻ ይታያሉ። «ዓለም ሲቀነስ 1» የሚባለው ይህ ነው። ሜዳው ውሃ ነው። እስከ ጫፉ ዋኝቶ መጨረሻ ላይ ያለው ቱቦ ውስጥ የገባ ሰው ተመልሶ ራሱን መነሻው ላይ ያገኘዋል፤ ሕይወቱ እስኪያልቅ ድረስ መውጫ የለውም።

ይህን ጉዳይ የመረጥነው ለአድራሻ (በፕሮግራሙና በራሙ ውስጥ የእያንዳንዱ ባይት ቦታ ቁጥር) ስም ማውጣት ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ ስለሌለ ነው። ፕሮግራሙ ትንሽ ነው፤ ኮዱና ዳታው 32,768 ባይት፣ ሲሠራ የሚለዋወጡ እሴቶችን የሚይዝበት ራም 2,048 ባይት ብቻ። ሠሪው የምንጭ ኮዱን አላሳተመም፤ ስለዚህ ዲበገር (ፕሮግራምን እያስቆመ ውስጡን የሚያሳይ መሣሪያ) የከፈተ ሰው የሚያየው ባዶ ቁጥር ነው። ስህተቱም አንድ ቦታ ላይ አልተቀመጠም። አራት የተለያዩ የኮድ ክፍሎች እየተቀባበሉ የሚሠሩት ስለሆነ፣ በየመንገዱ ያሉት አድራሻዎች ስም ካልወጣላቸው ሰንሰለቱን በአእምሮ ይዞ መከተል እጅግ ያስቸግራል።

ስለ አጻጻፋችን ሁለት ነገር። ዲበገሮች አድራሻን የሚያሳዩት በሄክሳዴሲማል (በ16 በሚቆጠር አጻጻፍ) ነው፤ እዚህ ግን ሁሉንም በተለመደው አሥርዮሽ ቁጥር ጽፈነዋል፤ አብሮን የሚሠራ ሰው የኮምፒውተሩን ካልኩሌተር ወደ ፕሮግራመር ሞድ አዙሮ ይቀይረው። ስሞቹንም በአማርኛ አውጥተናቸዋል። ዲበገሩ ላይ ሲጻፉ ግን በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍተት፣ ቃላቱን በታች ሰረዝ በማያያዝ ይሁን፤ ሜሰን የተባለው ኢሙሌተር (የጌም ማሽኑን በኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) ከዚህ ውጭ አይቀበልም።

መጀመሪያ ካርታው

ጌሙ የሚሠራበት የኒንቴንዶ ኤንኢኤስ ማሽን ሲፒዩ (ትእዛዞቹን የሚፈጽመው ቺፕ) ከ0 እስከ 65,535 ያሉ አድራሻዎችን ያያል። ከ0 እስከ 2047 ያለው ራም ነው። ከ2048 እስከ 8191 ያለው ደግሞ ያው ራም ሦስት ጊዜ ተደግሞ የሚታይበት ነው፤ 1887 ላይ የተጻፈ ባይት 3935 ላይም ይነበባል። ከ8192 ጀምሮ የሥዕል ቺፑ መቆጣጠሪያዎች አሉ። ጌሙ ራሱ ከ32,768 እስከ 65,535 ያለውን ይይዛል። ካርትሪጁ ባንክ (የኮድ ክፋይ) የማይቀያይር ዓይነት በመሆኑ አንድ አድራሻ ምንጊዜም አንድ ነገር ነው፤ ባንክ በሚቀያይር ጌም ግን አንዱ አድራሻ በየሰዓቱ ሌላ ኮድ ስለሚይዝ ስሙ ከነባንኩ መመዝገብ አለበት።

ጀማሪን አብዝቶ የሚያሳስተው የቦታ ቆጠራ ነው። 40,116 ላይ ያለውን ሰንጠረዥ እንውሰድ። ለሲፒዩው 40,116 ነው። ሜሰን የፕሮግራም ሌብል (ለአድራሻ የወጣ ስም) የሚመዘግበው ከጌሙ ኮድ መጀመሪያ ቆጥሮ ስለሆነ እዚያ 7348 ይሆናል። የጌሙን ፋይል በሄክስ ኤዲተር የከፈተ ሰው ደግሞ ያንኑ ባይት 7364 ላይ ያገኘዋል፤ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ 16 ባይት ራስጌ አለና። አንድ ባይት፣ ሦስት ቁጥር። ስሞቹ ሁሉ 16 ባይት ተንሸራተው ከተገኙ ሌላ ምክንያት ከመፈለግ በፊት ይህን ራስጌ መጠርጠር ነው።

ኤፍሲኢዩኤክስ የሚባለው ኢሙሌተር ስሞችን በተራ የጽሑፍ ፋይል ይይዛል። በአንድ መስመር የዶላር ምልክት፣ የአድራሻው አራት የሄክስ አሃዞች፣ የሃሽ ምልክት፣ ስሙ፣ እንደገና ሃሽ፣ ከዚያ ማስታወሻ። የራም ስሞች በአንድ ፋይል፣ የእያንዳንዱ 16 ኪሎባይት ባንክ ስሞች በየራሳቸው ፋይል ይቀመጣሉ። ለእኛ ጉዳይ ሰንጠረዦቹ ያሉት በመጀመሪያው ባንክ፣ ቱቦ የመግባቱ ኮድ ደግሞ በሁለተኛው ነው። የስሞቹ ፋይል ከጌሙ የሚገናኘው በፋይል ስም ብቻ ስለሆነ፣ የጌሙን ፋይል ስም የቀየረ ሰው ሌብሎቹ በሙሉ የጠፉ ይመስለዋል፤ የስሞቹንም ፋይሎች አብሮ መቀየር በቂ ነው።

ስም ከማውጣት በፊት ኮድና ዳታን የሚለየውን መዝጋቢ ከፍቶ ጌሙን ጥቂት ደቂቃ መጫወት ይበጃል። የትኛው ባይት እንደ ትእዛዝ እንደተፈጸመ፣ የትኛው እንደ ዳታ እንደተነበበ ይመዘግባል። ያለዚያ ዲበገሩ ሰንጠረዥንም እንደ ትእዛዝ ተርጉሞ ትርጉም የለሽ መስመሮችን ይደረድራል።

የመጀመሪያዎቹ ስሞች

ራም ውስጥ መነሻው በታወቀ እሴት መፈለግ ነው፤ ግን ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቁጥር እንዳለ አምኖ አይደለም። ማሪዮ 3 ሕይወት ሲኖረው 1882 ላይ የተቀመጠው 2 ነው። ዓለም 1 ላይ ሲሆን 1887 ላይ የተቀመጠው 0 ነው። 1ን የፈለገ ሰው አያገኘውም፤ «ዓለሙ ሲቀየር በአንድ ያደገ» ብሎ የፈለገ ያገኘዋል። ስለዚህ 1887ን «የዓለም_ቁጥር_ከ0» ብለነዋል። «ከ0» የሚለው ጭራ የማያስፈልግ ይመስላል፤ ወደ ኋላ ግን ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእሱ ዙሪያ ነው።

1884 እና 1888 ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። 1-1 ላይ ሁለቱም 0፣ 1-2 ሲገባ ሁለቱም 1 ናቸው። እዚህ ላይ ያቆመ ሰው አንዱን የሌላው ቅጂ አድርጎ ይሰይመዋል። ማሪዮ በራሱ ሄዶ ቱቦ የሚገባበት አጭር መግቢያ አልፎ ከመሬት በታች ያለው ሜዳ ሲከፈት ግን 1888 ወደ 2 ሲያልፍ 1884 ባለበት 1 ይቀራል። የመጀመሪያው ስክሪን ላይ የሚታየው የሌቭል ቁጥር፣ ሁለተኛው በዚያ ዓለም ዝርዝር ውስጥ የሜዳው ተራ ነው። «የሌቭል_ቁጥር_ከ0» እና «የሜዳ_ተራ_ከ0» ብሎ መለየት ያሻል።

አድራሻ 0 እና 1 ለሁሉም የሚያገለግሉ ጊዜያዊ ማስቀመጫዎች ናቸው። ማሪዮ ቱቦ ላይ ሲቆም በቀኝና በግራ እግሩ ሥር ያለው ብሎክ ቁጥር እዚህ ይቀመጣል፤ ሌላ ክፍል ደግሞ ወዲያው ለሌላ ሥራ ይጠቀምባቸዋል። «የቀኝ_እግር_ብሎክ» ብሎ መሰየም በዚህ አንድ ክፍል ውስጥ እውነት፣ በቀረው ፕሮግራም ሁሉ ሐሰት ነው። «ጊዜያዊ_0» ብሎ ትርጉሙን በየክፍሉ ማስታወሻ ላይ መጻፍ ይሻላል። የተሳሳተ ስም ስም ከሌለው አድራሻ የባሰ ነው፤ ስም የሌለውን አንባቢ ይመረምረዋል፣ ስም ያለውን ግን አምኖ ያልፈዋል።

1750 ላይ ማን ይጽፋል?

ወደ ጉዳዩ ስንገባ ቁልፉ አድራሻ 1750 ነው። ዋርፕ ዞን ውስጥ ሲገባ ከ0 ይለወጣል፤ ከዚያ በላይ እስክናውቅ «የዋርፕ_ምልክት» አልነው። የትኛው ቱቦ እንደተመረጠ የሚይዝ መስሎ ስለሚታይ «የተመረጠ_ቱቦ» ለማለት ያጓጓል፤ እንደዚያ ቢሰየም ምርመራው እዚያው ይበላሽ ነበር።

እዚህ አድራሻ ላይ «ሲጻፍ አቁም» የሚል ብሬክፖይንት ይደረጋል። ከሌቭሉ መጀመሪያ ጀምሮ ክፍት ከሆነ የመጀመሪያው መቆሚያ ተጠርጣሪው አይደለም። ሜዳ በተጫነ ቁጥር ከ0 እስከ 1867 ካለው ራም አብዛኛውን የሚያጠራው ዙር ነው። ይህም የራሱ ጥቅም አለው፦ 1750 ሜዳ ሲቀየር እንደሚጠፋ፣ 1887 ግን ከ1867 በላይ ስለሆነ እንደሚቀር ያሳያል። ሁለቱንም ማስታወሻ ላይ ከመዘገቡ በኋላ፣ 1-2 ሊያልቅ ሲል ሴቭ ስቴት (የጌሙን ሁኔታ እንዳለ የሚያስቀምጥ ፋይል) ይዞ ብሬክፖይንቱን ከዚያ መክፈት ነው።

ሁለት ጸሐፊዎች ይገኛሉ። አንደኛው ዋርፕ ዞን አጠገብ የተቀመጠ የማይታይ ነገር ነው። 1827 ላይ ያለው የስክሪን መቆለፊያ መዘጋቱንና ማሪዮ ያለበትን ከፍታ ይፈትሻል፤ ሁኔታው ከተሟላ መቆለፊያውን ይፈታና 1750 ላይ አንድ ይጨምራል። 0 የነበረው 1 ይሆናል። ሁለተኛው ስክሪኑ ይበልጥ ወደ ቀኝ ሲሄድ የሚጫነው ነው፤ እሱ አይጨምርም፣ እሴቱን በቀጥታ ይጽፋል። ዓለም 1 ከሆነ 4፤ ከዚያ በላይ በሆነ ዓለም ሜዳው የምድር ላይ ካልሆነ 5፣ የምድር ላይ ከሆነ 6። ወዲያውም የእንኳን ደህና መጡ ጽሑፉንና ከቱቦዎቹ በላይ ያሉትን ቁጥሮች ያትማል።

ስለዚህ 1750 በትክክለኛ መንገድ ቱቦ ጋ ሲደርስ 4፣ 5 ወይም 6 መሆን አለበት። 1 መሸጋገሪያ ነው። በግድግዳው የሾለከ ተጫዋች ሁለተኛው ጸሐፊ ሳይደርስ ቱቦው ላይ ይቆማል። ከቱቦው በላይ ጽሑፍ አለመኖሩ የዚሁ ምልክት ነው።

ቱቦው ውስጥ

አሁን ብሬክፖይንቱን «ሲነበብ አቁም» ወደሚል ቀይሮ ቱቦውን መውረድ። ስም ባይወጣ ኖሮ የሚታየው እንዲህ ነው፦ 1750ን ጫን፤ 0 ከሆነ ውጣ፤ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ቢቶች (የባይቱ 0 ወይም 1 አሃዞች) በቀር አጥፋ፤ ሁለት ጊዜ ወደ ግራ ግፋ፤ 134ን ጫን፤ ከ96 ጋር አወዳድር፤ ከ160 ጋር አወዳድር፤ ከሰንጠረዥ አንብብ፤ አንድ ቀንስ፤ 1887 ላይ ጻፍ፤ ከ40,116 ጀምሮ አንብብ፤ ከ40,124 ጀምሮ አንብብ፤ 1872 ላይ ጻፍ። 134 «የማሪዮ_አግድም» መሆኑ ሲታወቅ መካከሉ ወዲያው ይፈታል፦ ከ96 በታች የግራ ቱቦ፣ ከ160 በታች የመካከል፣ ከዚያ በላይ የቀኝ ነው። ሰንጠረዡንም «የዋርፕ_ዓለሞች» አልነው፤ 12 ባይት ነው፤ በአራት አራት ሲደረደር 4፣ 3፣ 2፣ 0፤ ቀጥሎ 36፣ 5፣ 36፣ 0፤ ቀጥሎ 8፣ 7፣ 6፣ 0።

36 እዚህ ምን ይሠራል? ሰንጠረዡን ሌላ ማን እንደሚያነብ ዲበገሩን መጠየቅ ነው። ቁጥሮቹን ከቱቦዎቹ በላይ የሚያትመው ክፍል ያነበዋል። በዚህ ጌም የፊደል ታይሎች (ስክሪኑ የሚገጣጠምባቸው ትናንሽ ሥዕሎች) ውስጥ ከ0 እስከ 9 አሃዞቹ፣ ከ10 እስከ 35 ሃያ ስድስቱ የላቲን ፊደላት ናቸው፤ 36 ባዶ ታይል ነው። ሁለተኛው ረድፍ 4-2 ውስጥ ላለው፣ ቱቦው አንድ ብቻ ለሆነው ዋርፕ ዞን የተዘጋጀ ነው፤ 5 መካከል ላይ እንዲታተም ግራና ቀኙ በባዶ ታይል ተሞላ። የዓለም ቁጥርና የሥዕል ቁጥር በአንድ ሰንጠረዥ ተዋህደዋል።

ሁለቱ አንባቢዎች ረድፉን የሚመርጡበት መንገድ ግን ይለያያል። አታሚው ከ1750 ላይ 4 ይቀንሳል። ቱቦው ሁለት ቢት ብቻ ያስቀራል። ለ4፣ 5 እና 6 ሁለቱም 0፣ 1 እና 2 ይሰጣሉ፤ በእነዚህ የፈተነ ሰው ልዩነቱን በፍጹም አያየውም። 1 ሲመጣ ቱቦው 1 ብሎ ሁለተኛውን ረድፍ ይወስዳል። የግራና የቀኝ ቱቦ 36፣ የመካከሉ 5 ይሰጣል፤ በእርግጥም በዚህ ሁኔታ የመካከሉን ቱቦ የወረደ ሰው 5-1 ይገባል። ከ36 አንድ ተቀንሶ 35 «የዓለም_ቁጥር_ከ0» ላይ ይጻፋል። ስክሪኑ አናት ላይ ሲታተም አንድ ተጨምሮበት እንደገና 36፣ ማለትም ባዶ ታይል ይሆናል። የሌቭል ቁጥሩ ደግሞ ቱቦው ውስጥ 0 ስለተደረገ 1 ተብሎ ይታያል። ማንም ሲቀነስ አንድ ብሎ አልጻፈም፤ ሰረዙ በዓለምና በሌቭል መካከል ሁልጊዜ ያለው ሰረዝ ነው።

ከሰንጠረዡ ድንበር ማዶ

ከዚህ በኋላ ያለው የስሙን ርዝመት የመመዝገብን ጥቅም ያሳያል። 40,116 «የዓለም_መነሻ» ነው፤ 8 ባይት፣ ለእያንዳንዱ ዓለም አንድ፦ 0፣ 5፣ 10፣ 14፣ 19፣ 23፣ 27፣ 32። 40,124 «የሜዳዎች_ዝርዝር» ነው፤ 36 ባይት፣ የስምንቱ ዓለሞች ሜዳዎች በተርታ። ስምን በመነሻ አድራሻ ብቻ ከመመዝገብ ከነመጨረሻው መመዝገብ ይሻላል፤ ሜሰን «ከዚህ እስከዚህ» የሚል ሌብል ይቀበላል። ያኔ 40,151 የተባለ ንባብ ሲመጣ ዲበገሩ «የሜዳዎች_ዝርዝር ሲደመር 27» ብሎ ያሳያል፤ ድንበር መጣሱ በዓይን ይታያል።

የሆነውም ይኸው ነው። ዓለም 35 ተብሎ ከ«የዓለም_መነሻ» ላይ 35 ባይት ተቆጥሮ ሲነበብ፣ ሰንጠረዡ 8 ባይት ብቻ ስለሆነ ንባቡ ቀጥሎ ያለው ዝርዝር ውስጥ፣ ከ0 ሲቆጠር 27ኛ ቦታ ላይ ያርፋል። እዚያ ያለው የዓለም 7 የመጀመሪያ ሜዳ ቁጥር፣ 51 ነው። ጌሙ 51ን እንደ መነሻ ወስዶ «የሜዳዎች_ዝርዝር» ላይ 51 ይቆጥራል፤ ዝርዝሩ 36 ላይ ስላለቀ ንባቡ 40,175 ላይ ይወድቃል። ይህ ከ40,164 የሚጀምረው «የጠላት_አድራሻ_ታች» የሚባል ሌላ ሰንጠረዥ ከ0 ሲቆጠር 11ኛ ቦታ ነው፤ እያንዳንዱ ሜዳ የጠላቶቹ ዝርዝር የት እንዳለ የሚናገር የአድራሻ ግማሽ። በአጋጣሚ ያ ግማሽ 1 ነው። 1 ደግሞ በሜዳ ቁጥር የ2-2 እና የ7-2 የውሃ ሜዳ ነው። 1872፣ «የሜዳ_ጠቋሚ»፣ 1 ይዞ ይቀራል።

ሁለት ጊዜ ከድንበር ያለፈ ንባብ አንድ ሊጫወቱበት የሚቻል ሜዳ ላይ ማረፉ ዕድል ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በዲስክ የወጣው የዚሁ ጌም እትም ላይ ያው ስህተት ሌላ ሜዳ ላይ ያርፋል፤ እዚያ ሦስት ሌቭሎች አሉ፣ መጨረስም ይቻላል።

መውጫው ለምን የለም

የውሃው ሜዳ በሁለት ዓለሞች ስለሚያገለግል፣ መጨረሻ ላይ ያለው ቱቦ ወዴት እንደሚወስድ በጠላቶቹ ዳታ ውስጥ ለየዓለሙ ተለይቶ ተጽፏል። የመጨረሻው ባይት ላይ የላይኞቹ ሦስት ቢቶች የዓለም ቁጥር፣ የታችኞቹ አምስት የመግቢያው ገጽ ናቸው። ጌሙ ሦስቱን ቢቶች ከ«የዓለም_ቁጥር_ከ0» ጋር ያወዳድራል፤ ከገጠሙ «የሜዳ_ጠቋሚ»ን ይቀይራል፣ ካልገጠሙ ያልፋል። ሦስት ቢት የሚይዘው ከ0 እስከ 7 ነው። 35 ከማንኛቸውም ጋር ሊገጥም አይችልም፤ ጠቋሚው 1 እንደሆነ ይቀራል፣ ቱቦውም ወደዚያው ሜዳ ይመልሳል። ለዚህ ባይት ማስታወሻ ላይ «ላይ 3 ቢት ዓለም፣ ታች 5 ቢት ገጽ» ብሎ መጻፍ ግድ ነው፤ ስም የሚወጣለት አድራሻው ነው፣ በውስጡ ያለውን የቢት አከፋፈል የሚሸከመው ማስታወሻው ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የተከተለ ሰው ስህተቱን ለማረም የሚጓጓው በቀላሉ መንገድ፣ የሁለተኛውን ረድፍ ሁለት 36ቶች በ4 እና በ2 በመተካት ነው። ዲበገሩ ላይ ባይቶቹን ቀይሮ ከያዘው ሴቭ ስቴት ቢጀምር በእርግጥ የግራው ቱቦ ወደ ዓለም 4 ይወስደዋል፣ የቀኙም ወደ 2። ከዚያ ወደ 4-2 ይሂድ፤ አንድ ቱቦ ባለበት ዋርፕ ዞን ከ5 ግራና ቀኝ 4 እና 2 ሥራቸው ቱቦ ሳይኖር ታትመው ያገኛቸዋል። ስለዚህ «የዋርፕ_ዓለሞች» የሚለው ሌብል ማስታወሻ ላይ የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ ሁለት አንባቢ አለው፤ ቱቦው ሁለት ቢት ያስቀራል፣ አታሚው 4 ይቀንሳል፤ 36 ባዶ ታይል ነው።